ሥራ ላይ ልባችሁ አልሰበሰብ ሲል

ከመቀመጣችሁ በፊት ሥራውን አጥብቡት። «ሪፖርት እጽፋለሁ» አትበሉ። «የመግቢያውን ሦስት አንቀጽ እጨርሳለሁ» በሉ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሰው ጊዜውን እስኪረሳ ድረስ ሥራው ውስጥ የሚሰጥምበትን ሁኔታ የሥነ ልቦና ምሁሩ ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሰፊው አጥንተውታል። እንደ እሳቸው ከሆነ ግቡ ግልጽ መሆን አለበት፤ እየሠራችሁም ውጤቱን ማየት አለባችሁ። ክብደቱ ደግሞ ከችሎታችሁ ጋር መመጣጠን አለበት። ሥራ ሲቀል ይሰለቻል፣ ሲከብድ ያስጨንቃል። ስለዚህ ከሰለቻችሁ ትንሽ አክብዱት፤ ለምሳሌ ሰዓት ገድቡበት። ካስጨነቃችሁ ከፋፍላችሁ አንዱን ብቻ ያዙ።

ስልክ? ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ድምፁን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ እጅ ሳይታወቀው ወደዚያው ይሄዳል።

መጀመሪያ ላይ ሐሳባችሁ መበተኑ አይቀርም። እባካችሁ ያኔ አትነሱ። አጠገባችሁ ወረቀት ይኑር። «ለእህቴ መደወል»፣ «የመብራት መክፈል» የሚል ነገር ድንገት ሲመጣባችሁ ጻፍ አድርጉትና ወደ ሥራችሁ ተመለሱ። የተጻፈ ነገር እንደ በፊቱ አይጎተጉትም።

ስታቆሙም ቀጣዩ እርምጃ ምን እንደሆነ እያወቃችሁ አቁሙ። «ነገ ከሁለተኛው ሠንጠረዥ እጀምራለሁ» ብላችሁ አንድ መስመር ጽፋችሁ ተነሱ። በማግስቱ ከየት ልጀምር እያላችሁ ግማሽ ሰዓት አታባክኑም።