በእጅ መቆም፦ አንጓው ሳይደርስ አትቸኩሉ

ከጂምናስቲክ ወደ ተራው ስፖርተኛ ከመጡት እንቅስቃሴዎች ብዙ ሰው የሚመኘው በእጅ መቆምን ነው። ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ብረት ስታነሱ ክንድን ለብቻው ማሠራት ይቻላል፤ በእጅ ስትቆሙ ግን ሆድ ከላላ ወገብ ይጎብጣል፣ ሚዛንም ይጠፋል። ትከሻ፣ ሆድና መቀመጫ አብረው ካልሠሩ አይሆንም። ችግሩ ክብደታችሁ በሙሉ በሁለት የእጅ አንጓዎች ላይ ማረፉ ነው። ጡንቻ በሳምንታት ይጠነክራል፣ ጅማት ግን ወራት ይፈልጋል። ክንዳችሁ ሲችል አንጓችሁ ገና ሊሆን ስለሚችል ፍጥነቱን አንጓ ይወስን።

ሁልጊዜ ከአንጓ ጀምሩ። በእጅና በጉልበት ተንበርከኩ፤ መዳፋችሁ ወለሉ ላይ ተነጥፎ ትከሻችሁ ጣቶቻችሁን እስኪያልፍ ቀስ ብላችሁ ወደ ፊት ተደገፉና ተመለሱ፣ 10 ጊዜ። ከዚያ ጣቶቹን ወደ ጉልበት አዙራችሁ ወደ ኋላ ተሳቡ፣ 10 ጊዜ። መወጠር ይጠበቃል፤ የሚወጋ ሕመም ግን የማቆሚያ ምልክት ነው።

ቀጥሎ ሆድ። በጀርባችሁ ተኝታችሁ ወገባችሁን ከወለሉ ጋር አጣብቁ፤ ክንዶች ከጆሮ አጠገብ ተዘርግተው ትከሻና እግር ጥቂት ይነሱ። 20 ሰከንድ፣ 3 ዙር። በወገባችሁ ሥር እጅ የሚገባ ከሆነ እግራችሁን ከፍ አድርጉ ወይም ጉልበታችሁን እጠፉ። ይህን አቋም 30 ሰከንድ ሳትይዙ ወደ ግድግዳው አትሂዱ።

አሁን ግድግዳው። ተወርውሮ ጀርባን ግድግዳ ላይ ማሳረፍ ቀላል ቢመስልም ወገብን ያጎብጣል፤ ስለዚህ ሆዳችሁ ወደ ግድግዳው ይሁን። እግራችሁን ከግድግዳው ሥር አድርጋችሁ የፑሽ አፕ አቋም ያዙ። ግራ ቀኝ እያላችሁ በእግር ውጡ፣ እጃችሁንም ወደ ግድግዳው አስጠጉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ግማሽ መንገድ ይበቃል። ክርን ቀጥ ይበል፣ ትከሻ ወደ ጆሮ ይገፋ፣ ጣቶች ተዘርግተው ወለሉን ይጫኑ፤ ሚዛን የሚጠበቀው በእነሱ ነው። ትንፋሽ አትያዙ። 15 ሰከንድ፣ 4 ዙር፣ በመካከል 2 ደቂቃ እረፍት፣ በሳምንት 3 ቀን። ለመውረድ የሚሆን ኃይል ሁልጊዜ አስቀሩ፤ ክንዱ የዛለ ሰው በጭንቅላቱ ይወርዳል። ስትወርዱ እጃችሁን ከግድግዳው እያራቃችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ።

አንጓችሁ ከታመመ ለጊዜው የፑሽ አፕ መያዣ (ወለል ላይ የሚቀመጥ እጀታ) ተጠቀሙ፤ አንጓውን ቀጥ አድርጎ ያሳርፈዋል።

ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) ያለበት ሰው ይህን መልመጃ ይተወው፤ ተገልብጦ መቆም የዓይን ግፊትን ይጨምራል። ደም ግፊት፣ የሬቲና (የዓይን የውስጥ ሽፋን) ወይም የአንገት ዲስክ ችግር ያለበትም ሐኪሙን ሳያማክር አይሞክረው።

ከበእጅ መቆም ሌላ፣ እየተወዛወዙ የሚሠሩት ፑል አፕም (ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ) ያው ጥንቃቄ ይገባዋል። ሳይወዛወዙ 5 በንጽሕና መሥራት ያልቻለ ሰው ሲወዛወዝ ጫናውን የሚሸከሙት የትከሻው ጅማቶች ናቸው።