ካርታው ያልተለወጠን ከተማ ተለወጠ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

የሁለት ዓመታት የሳተላይት ምስል አነጻጽራችሁ የከተማ መሬት አጠቃቀም ለውጥ ካርታ ሠራችሁ። ውጤቱ ግን አልዋጥ አላችሁ። አትደንግጡ። ብዙ ጊዜ የተለወጠው ምስሉ እንጂ ከተማው አይደለም።

ችግር፦ ማሳው ሕንፃ ሆኖ ወጣ

ዋናው ራስ ምታት ይሄ ነው። ባዶ አፈርና የተገነባ ቦታ በሳተላይት ዓይን ይመሳሰላሉ። ዓይናችን ከማያየው ብርሃን ውስጥ፣ ሁለቱም ቅርብ ኢንፍራሬድ ከሚባለው ይልቅ አጭር ሞገድ ኢንፍራሬድ የሚባለውን አብዝተው ያንጸባርቃሉ። ግንባታ የምንለይበት ቀመር ደግሞ የቆመው በዚሁ ልዩነት ላይ ነው። አንዱ ምስል ሰብሉ ሳይታጨድ፣ ሌላው ከታጨደ በኋላ ከተነሳ፣ ማሳው ካርታው ላይ ሰፈር ይሆናል።

ለሁለቱም ዓመት በተመሳሳይ ወር የተነሳ ምስል ተጠቀሙ። ከዚህም የሚሻለው የዓመቱን ምስሎች በሙሉ ደርድሮ፣ እያንዳንዱ ፒክስል (የምስሉ ትንሿ ካሬ) በዓመቱ ውስጥ የደረሰበትን ከፍተኛ ልምላሜ ማውጣት ነው። ማሳ አንዴ እንኳ አረንጓዴ ይለብሳል። ጣሪያና አስፋልት ዓመቱን ሙሉ ያው ናቸው። ለባዶ አፈርም የራሱን ምድብ ስጡት፤ ከግንባታ ጋር አትጨፍልቁት።

ችግር፦ ሕንፃው ወደ እርሻ ተመለሰ

አዲስ ካርታ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው፤ ሰፈር ፈርሶ ማሳ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነውና። መነሻው የሁለቱ ካርታዎች ስህተት መደራረቡ ነው። እያንዳንዳቸው 85 በመቶ ትክክል ቢሆኑና ስህተታቸው ባይያያዝ፣ ሁለቱም በአንድ ላይ ትክክል የሚሆኑት 72 በመቶ ያህሉ ቦታ ላይ ብቻ ነው።

በመሃል ያሉትን ዓመታት ጨምሩና፣ ተገንብቶ የቆየ ፒክስል ወደ ኋላ እንዳይመለስ ደንብ አውጡ። ስፋቱንም ፒክስል ቆጥራችሁ ብቻ አታሳውቁ። በዘፈቀደ ነጥቦች ምረጡ፣ ጥራቱ ከፍ ባለ ምስል ላይ አንድ በአንድ በዓይናችሁ አረጋግጡ፣ ስፋቱን በዚያ አርሙ። አድካሚ ነው። ግን በዚህ ቁጥር የሰው መሬት ይወሰንበታል።

ችግር፦ ምስሉ ሁሉ በአንዴ ደመቀ

ምስሉ ሴንቲኔል-2 በተባለው ሳተላይት የተነሳ ከሆነ ቀኑን እዩ። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 25 ቀን 2022 ጀምሮ በተሠራበት አዲስ አሠራር፣ የፒክስሉ ቁጥር ላይ 1000 ይጨመራል። ከአዲሶቹ ላይ 1000 ቀንሱ፣ ወይም አስቀድሞ የተስተካከለውን ስብስብ ውሰዱ። ጥልቅ ሐይቅ ላይ ሁለት ሦስት ፒክስል ጠቅ አድርጋችሁ ቁጥሩን አንብቡ። ጥቁር የነበረው ውሃ ነጣ ካለ ነገሩ ይሄው ነው።

ችግር፦ ምስሉን የሚቆርጡ ጥቁር መስመሮች

ምስሉን ያነሳው ላንድሳት 7 የተባለው ሳተላይት ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2003 መስመር አስተካካይ ክፍሉ ተበላሽቷል። እስከ 2011 ላንድሳት 5ን፣ ከ2013 ወዲህ ላንድሳት 8ን ተጠቀሙ።

ችግር፦ መንገድ ዳር ቀጭን "ለውጥ"

ሁለቱ ምስሎች ልክ አልተደራረቡም። መስቀለኛ መንገድ ላይ አጉልታችሁ እዩ፤ ካልገጠመ ፒክስሎቹን በየምድባቸው ከመክፈላችሁ በፊት አስተካክሉ። የላንድሳት ፒክስል 30 በ30 ሜትር ስለሆነ ትንሽ መንሸራተት ይበቃዋል።

ችግር፦ መጋዘኑ መኖሪያ ተባለ

ሳተላይቱ ጣሪያውን እንጂ ከሥሩ ምን እንደሚሠራ አያይም። የጣሪያውን ስፋትና የመንገድ መረጃ ጨምሩበት። የቀረውን እዚያው ሄዳችሁ ነዋሪውን ጠይቁ።