አር-ፓዮሲንን ሳይተኮስ ማዘጋጀት

አር-ፓዮሲን ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የተባለው ባክቴሪያ የገዛ ዝርያውን ተቀናቃኞች የሚገድልበት የፕሮቲን መሣሪያ ነው። ጭንቅላትና ዲኤንኤ የሌለው የፋጅ (ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ) ጅራት ይመስላል፤ የሚተኩሰውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በዝግጅት መሃል የተተኮሰ ቅንጣት ለምንም ስለማይጠቅም ከዚህ በታች ያለው ጥንቃቄ ሁሉ ሳይተኮስ ለማቆየት ነው።

ውጪው ሰገባ፣ ውስጡ ጠንካራ ቱቦ ነው። ሁለቱም የተሠሩት ከ28 ተደራራቢ ቀለበቶች ሲሆን እያንዳንዱ ቀለበት ስድስት ፕሮቲን አለው። ከታች የመሠረት ሳህን፣ በዙሪያው ስድስት እግሮች፣ መሃሉ ላይ ብረት የያዘ ሹል ጫፍ አለ። እግሮቹ በዒላማው ገላ ላይ ያለውን ሊፖፖሊሳካራይድ (ከስብና ከስኳር የተሠራ የባክቴሪያ ውጫዊ ልባስ) ሲይዙ ሳህኑ ይከፈትና ሰገባው ወደ ግማሽ ርዝመቱ ይሰበሰባል። ቱቦው ግን ስለማያጥር የሴሉን ሽፋን በስቶ ይገባል። በቀዳዳው አዮኖች ሲያልፉ የሽፋኑ የኤሌክትሪክ ልዩነት ይጠፋል፤ ሴሉም ይሞታል። ለዚህ ሁሉ ኤቲፒ (የሴሎች የጉልበት ምንጭ የሆነው ሞለኪውል) አያስፈልግም፤ ጉልበቱ ሰገባው ሲገጣጠም ጀምሮ ተወጥሮ የተቀመጠ ነው።

ፒኤኦ1 የተባለውን የሱዶሞናስ ዘር በ37 ዲግሪ፣ እየተናወጠ፣ በ600 ናኖሜትር የድፍርስነቱ ንባብ 0.3 አካባቢ እስኪደርስ ያሳድጉ። ከዚያ በሚሊሊትር 3 ማይክሮግራም ሚቶማይሲን ሲ የተባለ፣ ዲኤንኤን የሚጎዳ መድኃኒት ይጨምሩ። መድኃኒቱ የሰውንም ዲኤንኤ ስለሚጎዳ ጓንት ግድ ነው። ዲኤንኤው ሲጎዳ ሬክኤ የተባለው ፕሮቲን ይነቃል፣ ጂኖቹን ዘግቶ የያዘው ፒአርቲአር የተባለው አፋኝ ፕሮቲን ይቆረጣል፣ የፓዮሲን ጂኖች ይከፈታሉ። ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ውስጥ ደፍርሶ የነበረው ፈሳሽ ጥርት እያለ፣ ሲያዘነብሉትም እንደ ንፍጥ እየተሳበ ይመጣል። ሴሎቹ ፈንድተው ዲኤንኤያቸው ስለፈሰሰ ነው። ካልጠራ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እድገቱን ያቆመ ባክቴሪያ ላይ መድኃኒት መጨመር ነው።

ዲኤንኤን የሚቆራርጠውን ኢንዛይም ዲኤንኤዝ ጨምረው 30 ደቂቃ ይጠብቁ። በ18,000 ጂ (የመሬት ስበት 18,000 እጥፍ) ለ1 ሰዓት በሴንትሪፉጅ አሽከርክረው ከላይ ያለውን ፈሳሽ ይውሰዱ። በቅዝቃዜ፣ በቀስታ እየተማሰለ፣ የአሞኒየም ሰልፌት ሙሌት ጠብ ጠብ እያደረጉ 1.6 ሞላር ያድርሱትና በ4 ዲግሪ ያሳድሩት። በማግስቱ አሽከርክረው ዝቃጩን 10 ሚሊሞላር ትሪስ (ፒኤችን የሚያረጋጋ ኬሚካል) እና 50 ሚሊሞላር ጨው ባለው፣ ፒኤች 7.5 በሆነ ፈሳሽ ያሟሙ፤ ከዚያ በ58,000 ጂ ለ1 ሰዓት ያሽከርክሩ። ኤስ-ፓዮሲን የተባሉት ሌሎች ትንንሽ ገዳይ ፕሮቲኖች ከላይ ይቀራሉ። የመጨረሻውን ዝቃጭ በፒፔት እየደበደቡ አይበትኑት፤ ያንኑ ፈሳሽ ትንሽ አፍስሰውበት በ4 ዲግሪ ሲያድር ራሱ ይለቃል።

በ2 በመቶ ዩራኒል አሲቴት ቀብተው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይዩት። ያልተተኮሰው ቀጥ ያለና ረጅም ነው፤ የተተኮሰው ወፍሮ ያጠረ፣ ከስሩ ባዶ ቱቦ የወጣበት ነው። አጭሩ ከበዛ መጀመሪያ ፒኤቹን ይፈትሹ፤ አሲድ ብቻውን ይተኩሰዋል። ተጠቂ ከሆነ ዘር የተረፈ የሊፖፖሊሳካራይድ ፍርስራሽም በከንቱ ያስጨርሰዋል።

ኃይሉን ለመፈተን ተጠቂ ዘር በተዘራበት ለስላሳ አጋር (እንደ ጄሊ የረጋ የባክቴሪያ ማሳደጊያ) ላይ አምስት አምስት እጥፍ እያቀጠኑ ያንጠባጥቡ። ፓዮሲን ሲቀጥን የጠራው ክብ አንድ ላይ እየደበዘዘ ይጠፋል። ነጠላ ነጠላ ቀዳዳ ከታየ ፋጅ ገብቷል።

ለቁጥሩ ደግሞ በ100 ሚሊዮን ሴል ላይ 10 ማይክሮሊትር ጨምረው የተረፉትን ይቁጠሩ። 1 ሚሊዮን (ከ100 አንዱ) ከተረፈ፣ የ100 ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም 4.6 ስለሆነ ለአንድ ሴል በአማካይ 4.6፣ በጠቅላላው በጠብታው ውስጥ 460 ሚሊዮን ገዳይ ቅንጣት ነበር ማለት ነው፤ በሚሊሊትር 46 ቢሊዮን። አንድም ሴል ካልተረፈ ስሌቱ አይሠራም፤ አቅጥነው ይድገሙት።