የቆላ ችግኝ ማዳበሪያ ሲሰጠው ለምን ይበላሻል? (ግራር፣ ቁርቁራ፣ በደኖ፣ የእጣን ዛፍ)

ግራር ቁርቁራ በደኖ ምናምን የምታፈሉ ሰዎች፣ እነዚህን ብዙ ግዜ የሚገላቸው ጥጋብ ነው። ስለዚ ማዳበሪያ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሁለት ፕላስቲክ ቅደዱና ስሩን እዩት፣ አንዷ ችግኝ ብትሞት አይቆጭም።

የቅጠሉ ጠርዝ እሳት እንደነካው ከደረቀ

ዩሪያ በዝቶበታል። እኔ መጀመሪያ ያፈላሁ ግዜ በየፕላስቲኩ ቁንጥር ቁንጥር ዩሪያ በደረቁ ጣል ጣል አርጌ በ3ኛው ቀን ጠዋት ብሄድ ቅጠሉ ከጫፍ ከጫፉ ተጠብሶ አፈሩ ላይ ነጭ ነገር ጋግሮ ጠበቀኝ። ዩሪያ እኮ 46 ፐርሰንቱ ናይትሮጅን ነው፣ ማሳ ላይ የሚበተነውን እቺን በምታክል ፕላስቲክ ውስጥ ስትከቱት ስሩ የት ይሽሽ? ቶሎ ብላችሁ ውሃው በስር እስኪወጣ ደጋግማችሁ አጠጡት (ቀዳዳ ከሌለው ብሱት)፣ ከዛ ለ1 ወር ማዳበሪያ የሚባል ነገር እርሱት። የግድ መስጠት ካለባችሁ 1 ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ በ10 ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ ጠዋት ላይ እርጥብ አፈር ላይ፣ ወዲያው ደግሞ ቅጠሉን በንጹህ ውሃ አለቅልቁት። ትኩስ የዶሮ ኩስም ያው ነው ያቃጥላል፣ በደንብ ይብላላ።

ግራሩ ከታች ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ እድገቱ ከቆመ

ናይትሮጅን አንሶታል፣ ግን ዩሪያ ለማንሳት አትቸኩሉ። ግራር ናይትሮጅኑን ከአየር የሚያገኘው ስሩ ላይ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች ነው። አንዱን ነቅላችሁ ስሩን ውሃ ውስጥ እጠቡት፣ ምስር የሚያክሉ ወይ ከዛ ያነሱ እባጮች ታያላችሁ፣ በጥፍር ስትሰነጥቁት ውስጡ ሮዝ፣ ጥሬ ስጋ የመሰለ ከሆነ እየሰራ ነው። እባጭ ጭራሽ ከሌለ ከትልቅ ግራር ስር አፈር አምጡና ከላይ ጣል ጣል አርጋችሁ አጠጡ፣ ለሚቀጥለው ዙር ደግሞ ከመጀመሪያው ከድብልቁ ጋር ይግባ። ዩሪያ ካበዛችሁበት ችግኙ የተዘጋጀ ምግብ ስላገኘ እባጩን አይሰራም፣ ሰነፍ ታረጉታላችሁ። ቁርቁራና በደኖ ግን ይሄ እባጭ የላቸውም፣ ለነሱ ከላይ ያልኩት ቀጭን የዩሪያ ብጥብጥ አልፎ አልፎ ይሆናል።

ቢጫው ከላይ ከለጋው ቅጠል ከጀመረና የቅጠሉ ደም ስር አረንጓዴ ከቀረ

ይሄ የአይረን (የብረት ንጥረ ነገር) እጥረት ነው። ስምጥ ሸለቆ ላይ እነ ዝዋይ አካባቢ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ የሆነ) አፈርና የጉድጓድ ውሃ ስለሚበዛ አይረኑ አፈሩ ውስጥ እያለም ስሩ መውሰድ ያቅተዋል። ጀሪካናችሁ ውስጥ ነጭ ዝቃጭ ካለ ውሃውን ጠርጥሩ። ኮምፖስት ጨምሩ፣ የዝናብ ውሃ አጠራቅሙ፣ ከተገኘ አይረን ኬሌት (ስሩ በቀላሉ እንዲወስደው ተደርጎ የተዘጋጀ አይረን) ስጡት።

ቀጥኖ ረዝሞ ከተንጋደደ

ጥላ፣ ውሃና ማዳበሪያ አንድ ላይ በዝተውበታል። ሐምሌ ላይ ሲተከል ያምራል ህዳር ላይ እንጨት ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ ምክንያቱም ላዩ ቅጠል ብቻ ነው ስር አላወረደም። ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ማዳበሪያ አቁሙ፣ ጥላውን ግፈፉ፣ ውሃውን ቀስ በቀስ ቀንሱ፣ ከፕላስቲኩ ወጥቶ መሬት የያዘውን ስር ቁረጡ። ሲተከልም ኤንፒኤስ የሚባለውን ማዳበሪያ ጉድጓዱ ውስጥ ስሩ ላይ አትጨምሩ፣ የበሰለ ኮምፖስት ይበቃዋል።

የእጣን ዛፍ ችግኝ በበጋ ላዩ ከደረቀ

እሱን ተዉት፣ ማዳበሪያም ውሃም አታሸክሙት። ጸባዩ ነው፣ በጋ ላይ ላዩ ይደርቅና ስሩ ከመሬት ስር ይቆያል፣ በዝናብ ግዜ ደግሞ ያቆጠቁጣል፣ እንደዚህ እያረገ አመታት ሊፈጅ ይችላል። ሞተ ብላችሁ ከመንቀላችሁ በፊት አፈሩን በጣት ገለጥ አርጋችሁ ስሩን ጫን በሉት፣ ጠንከር ሞላ ካለ በህይወት አለ፣ ክረምትን ጠብቁ።