አካል ጉዳተኛ ስፖርተኞች ያሉበት ኮሜዲ ልትሠሩ ነው? እነዚህን ተዉልኝ

ባለፈው ወር አንድ ስክሪፕት ደረሰኝ። ሁለተኛው ገጽ ላይ አሰልጣኙ ሰክሮ ሲነዳ ከፖሊስ መኪና ጋር ይላተማል። አምስተኛው ገጽ ላይ ዳኛዋ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች ቅርጫት ኳስ እንዲያሰለጥን ትፈርድበታለች። ለጸሐፊው ደወልኩለት።

«ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ‹ካምፔዮኔስ› ነው።»

«እንዴት አወቅክ?» አለኝ።

እንዴት አላውቅ! ስፔናዊው ሃቪየር ፌሰር በ2018 ሠራው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። በቀጣዩ ዓመት የስፔን ትልቁን የፊልም ሽልማት፣ የጎያን፣ በምርጥ ፊልም ዘርፍ ወሰደ። አሜሪካኖቹ ደግሞ ዉዲ ሃረልሰንን አስገብተው በ2023 ደገሙት። ሌላው ቢቀር ዳኛዋን እንኳ ቀይሯት። ፊልሙን ግን እዩት፤ ደጋግማችሁ እዩት። ታሪኩን ተዉና አሠራሩን ስረቁ።

የሚራመድ ሰው ዊልቸር ላይ ማስቀመጥ

ይሄን እኔም ሠርቼዋለሁ፤ ስለዚህ ጩኸቴን ቀንሼ ልናገር። የመጀመሪያ አጭር ፊልሜ ላይ ጤነኛ ጓደኛዬን ዊልቸር ላይ አስቀምጬ ቅርጫት ኳስ አጫወትኩት። («ጤነኛ» ማለቴ ራሱ ስህተት ነው። አካል ጉዳተኛ በሽተኛ አይደለም።) ዊልቸሩን ያዋሰን ልጅ ራሱ ተጫዋች ነበር። ጥግ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያየናል። ኳሷ ከፍ ብላ መጣች። ጓደኛዬ ረሳውና በእግሩ ረገጥ አድርጎ፣ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ቀለባት። እኔ «ከት!» ከማለቴ በፊት ልጁ ጮኸ።

«ፋውል! ከመቀመጫ መነሳት ፋውል ነው!»

ትንሽ ቆየና ደግሞ፦ «ለማንኛውም ፀበሉ የት እንደሆነ ንገሩኝ፤ ነገ እሄዳለሁ።»

ስክሪፕቴ ውስጥ ይህን የሚያክል ቀልድ አልነበረም። ካሜራው ግን የዞረው ወደ ጓደኛዬ ነበር።

ፌሰር ካሜራውን ወደ ትክክለኛው ሰው አዞረ። የቡድኑን አሥር ተጫዋቾች የሚሠሩት ራሳቸው ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ናቸው። ስክሪፕቱም እነሱ ከተመረጡ በኋላ በነሱ ልክ ተስተካከለ። ከመካከላቸው የማየት አቅሙ በጣም አነስተኛ የሆነው ኼሱስ ቪዳል የጎያን የምርጥ አዲስ ተዋናይ ሽልማት ወስዷል።

መልአክ ማድረግ

እዚህ ጋ ትዕግሥቴ ያልቃል። በሚደርሱኝ ስክሪፕቶች ውስጥ አካል ጉዳተኛው አይዋሽም። ብድር የለበትም። ሴት አይቶ አይደነግጥም፤ ዳኛ ላይ አይጮኽም። ዝም ብሎ ፈገግ ይላል። ፊልሙ ሊያልቅ ሲል አንድ ምሳሌያዊ አነጋገር ይናገራል፣ ዋሽንት ይገባል፣ አሰልጣኙ ያለቅሳል። በቃ። ኧረ በእናታችሁ! ምንም የማይፈልግ ሰው እንዴት አድርጎ ያስቃል? የሚያስቀው አጥብቆ የሚፈልግ፣ የሚቀና፣ የሚያኮርፍ፣ አጭበርብሮም ቢሆን ማሸነፍ የሚያምረው ሰው ነው።

የሪዮውን የ2016 ፓራሊምፒክ አስታውሱ። የማየት ጉዳት ባለባቸው ወንዶች የ1500 ሜትር ፍጻሜ ከአንደኛ እስከ አራተኛ የወጡት አራቱም፣ በዚያው ከተማ ከሳምንታት በፊት የኦሊምፒክ ወርቅ ከወሰደው ማቲው ሴንትሮዊትዝ የተሻለ ሰዓት ነበራቸው። እሺ፣ የኦሊምፒኩ ሩጫ ቀርፋፋ ነበር። ቢሆንስ? የኛው ታምሩ ደምሴ ወርቁን ያጣው በሰከንድ ሁለት አሥረኛ ነው። መስመሩን ሲያልፍ ደግሞ እጆቹን ከፍ አድርጎ አጣምሮ የፖለቲካ ተቃውሞውን አሳየ። አሁን ይሄን ሰው ፈገግ ብሎ ተረት የሚተርት መልአክ አድርጋችሁ ጻፉልኝ እስቲ።

«አስመሳዩ» እንደ አዲስ ሐሳብ

ጉዳት የሌለበት ሰው አስመስሎ ውድድር ይገባል። አዲስ የመሰላችሁ ከሆነ፣ በ2005 «ዘ ሪንገር» የሚባል የአሜሪካ ኮሜዲ ተሠርቶበታል። እውነታው ደግሞ ከፊልሙ ቀድሟል። በሲድኒ 2000 ፓራሊምፒክ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ባለባቸው ቅርጫት ኳስ ወርቅ ከወሰዱት 12 ስፔናውያን 10ሩ ምንም ጉዳት አልነበረባቸውም። ከተጫዋቾቹ አንዱ ጋዜጠኛ ነበርና ጉዱን አወጣው። ጦሱ ግን ለእውነተኞቹ ተረፈ፤ የነሱ ዘርፍ ከፓራሊምፒክ ተሰርዞ የተመለሰው በለንደን 2012 ነው። አስመሳይ የምትጽፉ ከሆነ፣ በሱ ምክንያት 12 ዓመት ቤቱ የተቀመጠውን ሰውም ጻፉት።

ደንቡን አለማወቅ

ይሄ ከስንፍና ሌላ ስም የለውም፤ ቀልዱ እኮ ደንቡ ውስጥ ተቀምጧል። ጎልቦል በሚባለው የዓይነ ስውራን የኳስ ጨዋታ ላይ ኳሷ ውስጥ ቃጭል አለ፤ ተጫዋቾቹ እንዲሰሙት ተመልካቹ ዝም ማለት አለበት። የኛን ሰፈር ደጋፊ እዚያ አስቀምጡትና አፉን እንዴት እንደሚይዝ አሳዩኝ። በዊልቸር ቅርጫት ኳስ እያንዳንዱ ተጫዋች እንደ ጉዳቱ መጠን ከ1 እስከ 4.5 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ሜዳ ላይ ያሉት አምስቱ ተደምረው ከ14 ማለፍ አይችሉም። ስለዚህ አሰልጣኙ አንድ ሰው በቀየረ ቁጥር ሒሳብ ይሠራል። ሒሳብ የማይችል አሰልጣኝ ስጡኝ!

ከሁሉ የምወደው ግን የዓይነ ስውራን ሩጫ ነው። ያየሽ ጌቴ በፓሪስ 2024 በ1500 ሜትር ወርቅ ስትወስድ አብሯት የሚሮጥ መሪ ነበር። ሁለቱ በገመድ ይያያዛሉ። መሪው ቀድሞ መስመሩን ከረገጠ ውድድሩ ይበላሻል። እስቲ መሪው ዕድሜውን ሙሉ አንደኛ መውጣት ሲመኝ የኖረ ሰው ይሁን። በዚያው ፓሪስ ስፔናዊቷ ኤሌና ኮንጎስት ማራቶኑን በሦስተኛነት ልትጨርስ ጥቂት ሜትር ሲቀራት መሪዋ እግሩ ተሸማቅቆ ሊወድቅ ሆነ። ልትደግፈው ስትል ገመዱን ለቀቀች። ያኔ ነሐሷን ተነፈገች። ጽፋችሁ ብትልኩልኝ «አጋነናችሁ» ብዬ እሰርዘው ነበር።

ቅጽል ስም

ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ይጠራሩ፣ ይሰዳደቡ። ከውጭ ያለ ሰው ሲለጥፍባቸው ግን ኮሜዲ አይደለም።

በዋንጫ መጨረስ

የ«ካምፔዮኔስ» ልጆች ፍጻሜውን ተሸንፈው፣ ሁለተኛ በመውጣታቸው ይጨፍራሉ። አሰልጣኙ ግራ ይገባዋል። ትልቁ ሳቅ ያለው እዚያ ነው።

ካስቲንግ

ያ መጀመሪያ ላይ የነገርኳችሁ የስክሪፕቱ ጸሐፊ ምክሬን ሰማኝ። ዳኛዋን አወጣ፣ ታሪኩን ወደ ዊልቸር ቅርጫት ኳስ ቀየረ፣ የተዋናይ መመልመያ ማስታወቂያም ለጠፈ። ከሥሩ «አካል ጉዳተኞች ይበረታታሉ» ይላል። ደስ አለኝ። ከሳምንት በኋላ ደወለ።

«አንድም ሰው አልመጣም እኮ፤ ፍላጎት የላቸውም መሰለኝ።»

«ቦታው የት ነው?»

«ቢሯችን። አራተኛ ፎቅ።»

«ሊፍቱ ይሠራል?»

ዝም አለ።