የማራቶን ፍጥነት አመጣጠንን ከውድድር ወደ ውድድር ማነጻጸር

ማራቶንን በትርፍ ጊዜው የሚሮጥ ሰው ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን ውድድር እንደጨረሰ አስቀድሞ የሚያደርገው የገባባቸውን ሰዓቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛው እንደሚያንስ ማየት ነው። የመጨረሻው ሰዓት ግን የሯጩን አቅም፣ የመንገዱን ዳገትና ቁልቁለት፣ የዕለቱን ሙቀትና ነፋስ፣ እንዲሁም ጉልበቱን የመጠነበትን መንገድ በአንድ ቁጥር ጨፍልቆ ስለሚይዝ ብዙ አይናገርም። ከእነዚህ ውስጥ ለሚቀጥለው ውድድር በቶሎ ሊታረም የሚችለው የጉልበት አመጣጠኑ ስለሆነ፣ መነጻጸር ያለበት የፍጥነቱ ቅርጽ ነው።

ለዚህም ቁጥሮቹ ሁሉ ከአንድ ዓይነት ምንጭ መምጣት አለባቸው። አብዛኞቹ ትልልቅ ውድድሮች በየ5 ኪሎሜትሩና በግማሹ ርቀት፣ ማለትም በ21.0975 ኪሎሜትር ላይ፣ የሯጩን ቺፕ፣ ማለትም በደረት ቁጥሩ ወይም በጫማው ላይ የሚያያዘውን ትንሽ ኤሌክትሮኒክ መለያ፣ የሚያነብ ምንጣፍ ስለሚዘረጉ፣ በኦፊሴላዊው ውጤት ላይ የሚገኘው የእነዚህ ነጥቦች ሰዓት ለንጽጽሩ መሠረት ይሆናል። የሚወሰደውም ሯጩ የመነሻውን መስመር ከረገጠበት ቅጽበት ጀምሮ የተቆጠረው የቺፕ ሰዓት ነው፤ በብዙ ሺህ ሰው መካከል ተሰልፎ መስመሩ ላይ ለመድረስ ደቂቃዎች ሊያልፉ ስለሚችሉ፣ አንዱን ውድድር ሽጉጥ ከተተኮሰበት፣ ሌላውን ከቺፑ መቁጠር የመጀመሪያውን 5 ኪሎሜትር ፈጽሞ ያዛባዋል።

የእጅ ሰዓት ጂፒኤስ ለዚህ ሥራ አይታመንም። መንገዱ የሚለካው ሊሮጥ በሚችለው አጭሩ መስመር ላይ ሲሆን፣ ሯጩ ግን ኩርባዎቹን አስፍቶ ይዞራል፣ ውኃ ለመውሰድ ወደ ጥግ ይወጣል፣ ሰው ለማለፍ ይጠማዘዛል፤ በዚያ ላይ ረጃጅም ሕንፃዎችና ዋሻዎች የሳተላይቱን ምልክት ያዛባሉ። በዚህም የተነሣ ሰዓቱ 42.7 ኪሎሜትር ሊያሳይ ይችላል። በ3 ሰዓት ከ58 ደቂቃ የገባ ሯጭ በዚህ ርቀት ቢያካፍል አንዱን ኪሎሜትር በአማካይ በ5፡34 የሮጠ ይመስለዋል፤ በትክክለኛው 42.195 ሲያካፍል ግን 5፡38 ይሆናል።

ስሌቱን ከመጀመርዎ በፊት ሁሉንም ሰዓት ወደ ሰከንድ ይለውጡ። 5 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ 5.63 ደቂቃ እንጂ 5.38 አይደለም፤ በኤክሴል ሠንጠረዥ ላይ የሚሠሩ ብዙ ሰዎች የሚሰናከሉት እዚሁ ላይ ነው። ከ40ኛው ኪሎሜትር እስከ መጨረሻው ያለው ርቀትም 2.195 ኪሎሜትር መሆኑ አይዘንጋ። ይህንን በ13 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ የጨረሰ ሰው ለ2 ቢያካፍለው 6፡35 ያገኛል፤ በትክክል ሲሰላ ግን 6፡00 ነው፣ ይህም ሯጩ ተነቃቅቶ የገባበትን መጨረሻ እንደ ውድቀት ከመመዝገብ ያድነዋል።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንግባ። የእያንዳንዱን ውድድር አማካይ ፍጥነት እንደ መቶ ይያዙና እያንዳንዱ 5 ኪሎሜትር ከዚያ አማካይ በስንት በመቶ እንደፈጠነ ወይም እንደዘገየ ያስሉ። ለምሳሌ አንድ ሯጭ በመጀመሪያው ውድድር ግማሹን በ1፡52፡00 አልፎ በ3፡58፡00 ገባ እንበል። ሁለተኛው ግማሽ 2፡06፡00 ስለፈጀበት በ12.5 በመቶ ዘግይቷል። የ5 ኪሎሜትር አማካዩ 28፡12 ሆኖ ሳለ የመጀመሪያውን 5 ኪሎሜትር በ26፡05 ሮጧል፤ ከ35 እስከ 40 ያለውን ደግሞ በ32፡09። በአማካዩ ሲመዘን በ7.5 በመቶ ፈጥኖ ተነሥቶ በ14 በመቶ ዘግይቷል ማለት ነው። በሌላ ውድድር ይኸው ሯጭ ግማሹን በ1፡58፡30 አልፎ በ4፡02፡25 ገባ። ሁለተኛው ግማሽ የዘገየው በ4.6 በመቶ ብቻ ነው፤ አነሣሡ ከአማካዩ በ2 በመቶ ቢፈጥን፣ ከ35 እስከ 40 ያለው የዘገየው በ5.6 በመቶ ነው። በሰዓት 4 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ የተሸነፈው ይህ ሁለተኛው ውድድር በእኔ ሚዛን በብዙ የተሻለ ሩጫ ነው።

ለመለኪያ ያህል የዓለም ክብረ ወሰን የተመዘገበባቸውን ሁለት የበርሊን ሩጫዎች ማየት ይቻላል። ኤሊዩድ ኪፕቾጌ በ2022 በ2፡01፡09 ሲገባ ሁለቱን ግማሾች በ59፡51 እና በ1፡01፡18 ስለሮጠ ሁለተኛው በ2.4 በመቶ ዘግይቷል። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በ2፡11፡53 ስትገባ ግን 1፡06፡20 እና 1፡05፡33 ስለነበረ ሁለተኛው በ1.2 በመቶ ፈጥኗል። በዚያ ደረጃ እንኳ ልዩነቱ ዜሮ ካልሆነ፣ በሳምንት ጥቂት ቀን የሚለማመድ ሰው በ4 ወይም በ5 በመቶ ቢዘገይ ሊከፋው አይገባም።

ይሁን እንጂ መቶኛው ራሱ መንገዱን ሳይጠይቁ አይነበብም። በርሊን ሜዳማ ነው። የኒውዮርክ ማራቶን የሚጀምረው የቬራዛኖን ድልድይ በመውጣት ስለሆነ፣ በዚያ የታየ የዘገየ አነሣሥ የሯጩን ራስን መግታት ላያመለክት ይችላል። የቦስተን መንገድ ከመነሻው እስከ መድረሻው 140 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ሯጩን መጀመሪያ ላይ በቁልቁለት ያፋጥነውና ጭኑን አዝሎ የኒውተን ዳገቶች ላይ ያደርሰዋል፣ እነዚህም ከ26ኛው ኪሎሜትር በኋላ ይጀምራሉ። ጄፍሪ ሙታይ በ2011 በዚያ የሮጠው 2፡03፡02 እንደ ዓለም ክብረ ወሰን ያልተመዘገበው መንገዱ ከሚፈቀደው በላይ ስለሚወርድና መነሻና መድረሻው ስለሚራራቁ ነው። ስለዚህ ከመቶኛው ጎን የየ5 ኪሎሜትሩን መውጫና መውረጃ በሜትር ይጻፉ። ከሁሉ የሚታመነው በአንድ መንገድ ላይ በተለያየ ዓመት የተሮጡ ሁለት ውድድሮችን ማነጻጸር ነው።

የአየሩን ጠባይ በቀመር ለማረም መሞከር ብዙ ጊዜ ራስን ወደ ማጽናናት ያመራል። ከዚያ ይልቅ ደረጃዎን በየነጥቡ ይመልከቱ። ውጤቱ በቺፕ ሰዓት የተሰላ ደረጃን በየ5 ኪሎሜትሩ የሚያሳይ ከሆነ፣ ሙቀቱና ነፋሱ ያገኛቸው ሁሉንም ስለሆነ፣ ከሌሎቹ አንጻር የወጡት ወይም የወረዱት በአብዛኛው የራስዎ ሥራ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፦ ከመካከለኛው ሕዝብ ብዙው ፈጥኖ ስለሚነሣና በኋላ ስለሚደክም፣ ፍጥነቱን ሳይጨምር የያዘ ሰው እንኳ በሁለተኛው ግማሽ ብዙ ሰው ያልፋል። ስለዚህ ሰው ማለፍዎን ብቻ አይቁጠሩ፤ በአንዱ ውድድር ያለፉትን በሌላው ካለፉት ጋር ያስተያዩ።

በመጨረሻ የድካሙን አመጣጥ ይለዩ። አንዱ 5 ኪሎሜትር ብቻ በደቂቃ ተኩል ረዝሞ የሚቀጥለው ወደ ቀድሞው ከተመለሰ፣ ምክንያቱ ምናልባት መጸዳጃ ቤት ወይም የተፈታ የጫማ ክር ነው፤ ከስሌቱ አውጥተው ለብቻው ይመዝግቡት። ከ25ኛው ኪሎሜትር ጀምሮ በየ5 ኪሎሜትሩ በጥቂቱ የሚወርድ ፍጥነት የአነሣሥ ችግርን ወይም የረጅም ልምምድ ማነስን ይጠቁማል። እስከ 30 ወይም 32 ድረስ ቀጥ ብሎ ቆይቶ በአንድ ጊዜ የሚናድ ከሆነ ግን በጡንቻና በጉበት የተከማቸው ስኳር ማለቁን መጠርጠር ይገባል፤ ያኔ የሚመረመረው በመንገድ ላይ ምን ያህል እንደተወሰደና መቼ እንደተወሰደ ነው። የልብ ምት መዝገብ ካለዎት፣ ምቱ ከፍ እንዳለ ፍጥነቱ የወረደበት ቀን ሙቀትን ወይም የውኃ ጥማትን ሲያሳይ፣ ሁለቱም አብረው የወረዱበት ግን ወደ እግርና ወደ ምግብ ያመለክታል። በእጅ አንጓ ላይ የሚለካ ምት አንዳንድ ጊዜ የእርምጃን ቁጥር እንደ ልብ ምት ስለሚያነብ፣ ያልተለመደ ቁጥር ሲያዩ ቶሎ አይመኑት።

ሦስት ወይም አራት ውድድሮች በዚህ መልክ ከተመዘገቡ በኋላ ለሚቀጥለው የሚወሰደው አንድ ቁጥር ነው፦ የመጀመሪያው 5 ኪሎሜትር። በ3፡55፡00 ለመግባት ያሰበ ሰው የ5 ኪሎሜትር አማካዩ 27፡51 ነው። ከላይ ያየነው ሯጭ ይህንን ቢያስብ፣ በሜዳማ መንገድ የመጀመሪያውን ምንጣፍ ከ27፡20 በፊት እንዳይረግጥ እመክረዋለሁ፤ 26 ደቂቃ ላይ ከደረሰም ሰዓቱን እያየ ቀስ በቀስ ወደ አማካዩ ይመለስ እንጂ የተረፈውን ደቂቃ እንደ ስንቅ አይቁጠረው።