ቁልፎቹ እምቢ ያሉት አይፖድ ሸፍል

የእህቴ አይፖድ ሸፍል (የአፕል ትንሽ ሙዚቃ ማጫወቻ) ሁለተኛው ትውልድ ነው፤ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ልብስ ላይ የሚቆነጠጠው። ስክሪን የሚባል ነገር የለውም። ሰሞኑን ዘፈን መቀየርም ሆነ ድምፅ መጨመር እምቢ አለ። የትኛውንም ቁልፍ ብጫን ብርቱካናማ መብራት ብቻ ብልጭ ይላል። ቻርጁ ደግሞ ሙሉ ነው።

ለካ ቁልፎቹ ተቆልፈዋል! የመሃለኛው የማጫወቻ ቁልፍ ኪስ ወይም ቦርሳ ውስጥ ተጭኖ ከቆየ ይቆለፋል። የሚፈታውም ያው ቁልፍ ነው። 3 ሰከንድ ያህል ጫን ብዬ ያዝኩት፤ አረንጓዴ መብራት 3 ጊዜ ብልጭ አለ። አበቃ፣ ሠራ።

ይህ ካልሠራላችሁ ማጥፊያውን ዘግታችሁ 5 ሰከንድ ቆዩና መልሳችሁ ክፈቱት።

በነገራችን ላይ፣ የማጫወቻውን ቁልፍ 3 ጊዜ ቶሎ ቶሎ ስትጫኑት ወደ መጀመሪያው ዘፈን ይመልሳችኋል።